ይድረስ ለአባ ዳማ

እንደምን ከረምክ? አራት ዓመት “ከረምክ” ይባልበት እንደሆነ እንጃ። ለእማማ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ምንም ብል ሰበብ ነው። ይቅር በለኝ። የቀረውን ስንገናኝ ትሰድበኛለህ።

የጻፍኩልህ በፈረስ ጉዳይ ነው። አትሳቅ። ሐሙስ ስለ ሞንጎሎች አስተምራለሁ። ሰይፍና ቀስት ልተርክ አስቤ ነበር፤ ሳነብ ግን ነገሩ ሁሉ ፈረስ ሆነብኝ። አንዱ ወታደር ሦስት አራት ፈረስ አስከትሎ ይዘምታል። ፈረሶቹ ድንክ ቢጤ ናቸው፤ አንተ ብታያቸው ለጋሪ እንኳ አትመርጣቸውም። ግን በረዶውን በኮቴያቸው ጭረው ከሥሩ ሣር ያወጣሉ። ገብስ አምጡ፣ ጭድ አምጡ የለም! ባዝራዎቹ ደግሞ ይታለባሉ። ወተቱ በአቁማዳ ተንጦ ይኮመጥጥና ይጠጣል፤ ሞቅ ያደርጋል አሉ። ቻይኖቹ ጥሩ ፈረስ የሚያረባ ግጦሽ ስላጠራቸው እ.ኤ.አ. በ1074 ሲቹዋን ላይ ሻይ ሰጥቶ ፈረስ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነበር። ሻይ በፈረስ! አባባ ቢሰሙ ይስቃሉ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ካርፒኒ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1245 ወደ ሞንጎሎች ተልኮ ነበር። ዛሬ የተጋለበን ፈረስ ሦስት አራት ቀን መልሰው አይቀመጡበትም ይላል። ይህን ሳነብ ዳማ ትዝ አለኝ።

ያን የጥምቀት ዕለት አንተ ታቦት ልትሸኝ ስትሄድ ጋሪውን ለእኔ ተውክልኝ አይደል? በማግስቱ ዳማ ሲያነክስ “ጉድጓድ ገብቶብን ነው” አልኩ። ጉድጓድ አልነበረም። ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ ስጋልበው ነው የዋልኩት። የአባባን ቁጣ የጠጣኸው አንተ ነህ። ያ ስታሾፍበት የነበረው ነጭ ሸራ ጫማዬስ በምን ብር የተገዛ መሰለህ?

እንዲህ ነው እንግዲህ። ሞንጎል አራት ፈረስ ነበረው፤ እናንተ አንድ ብቻ።

ለአባባ እኔ ልንገራቸው ወይስ... አንተ ታውቃለህ። ወይ ተወው።

ደግሞ ባዝራ ስትታለብ ውርንጭላዋ አጠገቧ ካልቆመች ወተት አትሰጥም ይላሉ። እውነት ነው እንዴ? ተማሪዎቼ መጠየቃቸው አይቀርም፤ እስከ ሐሙስ መልስልኝ።

ያው እኔ ነኝ