ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ኤላት ጉዞና ስለ ኮራል ጥናቱ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ሰላምና ጤና ለቤታችሁ እንመኛለን። ልጆቻችሁ በሚቀጥለው ማክሰኞና ረቡዕ በቀይ ባሕር ዳር ባለችው በኤላት ከተማ ወደሚገኘው የኮራል ጥብቅ ስፍራ ይጓዛሉ። የሥነ ሕይወት መምህራኖቻችን እስካሁን ያስተማሩት ስለ ኮራል አረባብ ነው። ልጆቹ እቤት ሲያወሩላችሁ ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ፣ ለጉዞው የምንጠይቃችሁም ለምን እንደሆነ እንድታውቁት ዘርዘር አድርገን ጽፈንላችኋል።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ በጣም ትናንሽ አካላት በመቶና በሺህ ሆነው ተያይዘው ይኖራሉ፤ የኖራ አጽማቸውንም ራሳቸው ይሠራሉ። ይህ አንድ ላይ የተያያዘ አካል ኮሎኒ ይባላል። በኤላት ባሕር ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የተባለው ቅርንጫፋም ኮራል ጽንሱን በፖሊፑ ውስጥ ያሳድግና መዋኘት የሚችል እጭ ሲሆን ሌሊት ይለቀዋል። ሌሎች ብዙዎቹ ግን እንቁላልና የወንድ ዘር አንድ ላይ የታሰሩባቸውን ጥቃቅን እንክብሎች ወደ ውሃው ይለቃሉ። እንክብሎቹ ወደ ላይ ይንሳፈፉና ይፈርሳሉ፤ ዘሩም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሌላ ኮሎኒ እንቁላል ማግኘት አለበት። አብዛኞቹ በራሳቸው ዘር አይጸንሱም። ስለዚህ ጎረቤቱ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ሰዓት ካልለቀቀ የዓመቱ ምርት በሙሉ ባክኖ ይቀራል።

በአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ ከ100 በላይ ዝርያዎች ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉ ጥቂት ሌሊቶች አብረው ይለቃሉ። የቀይ ባሕሩ ግን ሌላ ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዮሲ ሎያና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳተሙት፣ በኤላት ዝርያዎቹ ወርና ሌሊት ተከፋፍለው እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይለቅ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሎያና ቶም ሽሌሲንገር ያንኑ ሥራ ደገሙት። ከ2015 ጀምሮ ለአራት ዓመታት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ወቅት 225 ሌሊት ባሕር ገብተው፣ በየሌሊቱ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያህል እየቆዩ ስንት ኮሎኒ እንደለቀቀ ቆጠሩ። በ2019 ያሳተሙት ውጤት አሳሳቢ ነው፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎች የቀድሞ ቀጠሯቸው ተበትኗል። ጥቂቱ ዛሬ፣ ጥቂቱ ከሳምንት በኋላ ይለቃል። በእነዚህ ዝርያዎች ውስጥ ትልልቆቹ ኮሎኒዎች በብዛት ቢታዩም አዲስ የሚተካቸው ጠፍቷል።

ኤላት ያለችበት የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች ሙቀትን ከሌሎች ቦታዎች ኮራሎች በተሻለ እንደሚቋቋሙ ልጆቹ ሰምተው ይሆናል፤ ይህም በጥናት የተደገፈ ነው። ሆኖም ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ቤቱ ሙሉ ቢመስልም ተተኪ የለውም። በእኛ እምነት ልጆቹ ከሁሉም በላይ ማየት መልመድ ያለባቸው ትንንሾቹን ኮራሎች ነው።

ለዚህም በትምህርት ቤቱ ግቢ ሎያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤላት ላይ የተጠቀመበትን የመስመር ልኬት ይለማመዳሉ። 10 ሜትር ርዝመት ያለው መለኪያ ሜትር በኮራል ፎቶዎች ላይ ይዘረጋል። ከሜትሩ ሥር የሚያልፈው እያንዳንዱ ኮሎኒ በሴንቲ ሜትር ይለካና ይደመራል፤ ድምሩ 270 ከሆነ ከ1000 ሴንቲ ሜትሩ 27 በመቶው ኮራል ነው ማለት ነው። ሜትሩ ከላላና ከተጣመመ ቁጥሩ ይዛባል፤ ስለዚህ ሁለት ልጆች ከሁለት ጫፍ ወጥረው ይይዙታል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑት ለብቻ ይመዘገባሉ።

እናንተም የምታግዙበት ሥራ አለ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ዕለት የምትወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በየምሽቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። በፀሐይ መጥለቅና በጨረቃ መውጣት መካከል የሚፈጠረው ጨለማ ለኮራል ከጊዜ ምልክቶቹ አንዱ ነው። የሌሊት መብራት በበዛባቸው ባሕሮች ኮራሎች ወደ ሙሉ ጨረቃዋ ተጠግተው፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ቀድመው እንደሚለቁ በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ልጆቹ ከሙሉ ጨረቃዋ ጀምሮ ለአምስት ምሽት ፀሐይ የጠለቀችበትንና ጨረቃ የወጣችበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። የበዓላትን የጨረቃ አቆጣጠር ከቄሶች የተማሩ አያቶች በቤት ካሉ፣ ልጁ አብሯቸው ቢቆጥር ደስ ይለናል።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አትላኩ። ኦክሲቤንዞን የተባለው በብዙ ቅባቶች ውስጥ ያለ ኬሚካል በዚሁ በስታይሎፎራ እጭ ላይ ተሞክሯል፤ እጩ ቅርጹ ይበላሻል፣ መዋኘቱን ያቆማል፣ ራሱን በገዛ አጽሙ ይከድናል። በቅባቱ ፋንታ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ፣ ባርኔጣና ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ላኩ። የዋና መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ከእኛ ነው። የእግር መቅዘፊያ ግን አንፈቅድም፤ ያልለመደ ልጅ ሲረግጥበት አሸዋ ያስነሳል፣ አሸዋውም ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነውን አዲስ ኮራል ያፍነዋል። ወደ ውሃው የሚገባው በድልድዩ በኩል ብቻ ነው። ልጁ ቢደክመው በጀርባው ይንሳፈፍ እንጂ ኮራል ላይ አይቁም፤ ይህን እቤት ደጋግማችሁ ንገሩልን።

ዋና የማይችል ልጅ ከጉዞው አይቀርም፤ ከመምህር ጋር በባሕር ውስጥ መመልከቻው ማማ መስኮት ሆኖ ያንኑ መዝገብ ይሞላል። አስም፣ የጆሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ በቅጹ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ የሚያየው ነርሷና የክፍል ኃላፊው ብቻ ናቸው። የአስም መንፊያ በልጁ ቦርሳ ሳይሆን በመምህሩ እጅ ይሁን።

የተፈረመው ቅጽ እስከ እሑድ ለክፍል ኃላፊው ይድረስ። ቅጹን ለመሙላት እገዛ የምትፈልጉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ኑ፤ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ይጠብቃችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር