ሐረጎ ላይ የምትጠፋው አይሱዙ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከኮምቦልቻ ደሴ ጭነት የማመላልስ ሹፌር ነኝ። አይሱዙዬ አርጅታለች፣ ግን እንጀራዬ ናት። ሁለት ወር ሙሉ በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ትንደፋደፍና ትጠፋብኝ ነበር። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ሃያ ደቂቃ ከቆመች በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች።

ጋራዥ ወሰድኳት። ባትሪ ለወጡ። ቆይ፣ ሞተሪኖው እየዞረ ባትሪው ምን አጠፋ? ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮ ተቀየረ፣ እሱስ ይሁን። በመጨረሻ «ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ መውረድ አለበት» ሲሉኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ጉም ወርዷል፣ ከኋላ ክላክስ ይጮኻል። ረዳቴ ናፍጣ ያለቀ መስሎት የታንኩን ክዳን ሲፈታ «ፍሽሽሽ» አለ። አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ክዳኑ ሥር ያሰርነው ፌስታል ወደ ውስጥ ተስቦ ጎድጉዷል። ናፍጣ እንዳይረጭ ብለን ያሰርነው እኛው ነን! ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ፖምፓው ስቦ ስቦ ያቅተዋል። ቆመን ስንጠብቅ የምትነሳው አየሩ ቀስ እያለ ወደ ታንኩ ውስጥ ስለሚሾልክ ነበር።

ፌስታሉን ጣልኩት። ናፍጣ መስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር ለማስወጣት የፊልትሮውን ብሎን ላላ አድርጌ አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ፖምፓው ናፍጣ ሳብኩ። ብሎኑን አጥብቄ ቁልፉን ሁለተኛ ስጠመዝዝ ተነሳች።

ጋራዦቻችን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት «መቼ ነው የምትጠፋው?» ብለው ቢጠይቁ ምን አለበት? እኔን የጠየቀኝ የለም። አሮጌ ባትሪዬንም አልመለሱልኝም።

አንድ የኮምቦልቻ ሹፌር