ብሩ ተለቀቀ፣ ጤፉስ መቼ ነው የሚለቀቀው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ብያለሁ

ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ስለ ዶላሩ፣ ስለ ውጭ ባንኮች፣ ስለ አክሲዮን ገበያው ሁሌ ትጽፋላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ ኬላ ለምን ዝም ይባላል?

አባቴ አድአ ገበሬ ነበር። በደርግ ጊዜ ኮታ ነበረባቸው፣ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ይወስዳል፣ ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግስት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ጎጃምና አርሲማ ነጋዴ ጭራሽ እህል እንዳይነግድ ተከልክሎ ነበር። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው ይሄ የቀረው፣ አባቴ እስኪሞት ድረስ እህሌ የኔ የሆነው ያኔ ነው ይል ነበር።

ከዛ ወዲህ ስንቱ ተለቀቀ! በ1985 ዶላር ከ2.07 ብር 5 ብር ገባ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ጭራሽ ለገበያው ተተወ፣ ኑሮው ሲወደድም ገበያ ነው ተባልን ቻልነው። ታዲያ ጤፉስ?

ከጎጃም ጤፍ የሚያመጣልኝ ሹፌር ባለፈው ወፍጮ ቤቱ ደጅ ደረሰኞቹን ከጋቢና አውጥቶ አሳየኝ፣ አንዱ የኮቴ ይላል፣ አንዱ የልማት መዋጮ፣ አንዱ ማህተሙ ራሱ አይነበብም፣ ገመድ ወጥረው የሚያስቆሙት ደግሞ ደረሰኝም አይሰጡም። እዚህ ሲደርስ ደሞ ጫኝና አውራጅ ነን የሚሉት ይጠብቁታል፣ በራሴ ሰው ላውርድ ቢል እንኳን አንድ ኩንታል ሳይነኩ ይከፍላቸዋል። ይሄ ሁሉ ኩንታሉ ላይ ይደመራል፣ ከዛ እንጀራው ላይ፣ ለገበሬው ግን አምስት ሳንቲም አትደርሰውም።

ዋጋ በጨመረ ቁጥር ስግብግብ ነጋዴ ነው ይባላል። እህል የሚደብቅ የለም አልልም፣ አለ፣ ግን መንገዱ ሲጠብበት ነው የሚደብቀው፣ ነገም ከነገ ወዲያም ጭነት እንደሚገባ ቢያውቅ ማን አቅፎት ያድራል። የእሁድ ገበያ ጠቅሞናል እግዜር ይስጣቸው፣ ግን እዛ የሚመጣውም እህል በዚያው ኬላ አልፎ ነው።

ግብር አይከፈል አላልኩም። አንዴ ይከፈልና ደረሰኙ የትም ይስራ፣ ህግ የማያውቀው ኬላ ይነሳ። እናንተም ጋዜጠኛ መድቡና ጤፍ ከጫነ አይሱዙ ጋር አዲስ አበባ እስኪገባ አብሮ ይምጣ፣ የት ቦታ ስንት ብር ለማን እንደተከፈለ አንድ በአንድ ይጻፍልን።

አንባቢያችሁ
ከቱሉ ዲምቱ