የጳንጦስ ግሪኮችን ዜማ ስለመጠበቅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በቅርቡ ስለ ስደተኞች ሙዚቃ ባወጣችሁት ጽሑፍ ዜማቸውን የመጠበቁ ጉዳይ ሁሉ ድምፅ ከመቅረጽ ጋር ብቻ መያያዙ አላሳመነኝም። በግሪክና በቱርክ ጦርነት እንዲሁም ሁለቱ አገሮች ሕዝብ እንዲለዋወጡ እ.ኤ.አ. በ1923 በተፈረመው የሎዛን ስምምነት ምክንያት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክሳውያን ከጥቁር ባሕር ደቡብ ዳርቻው ከጳንጦስ፣ ከቀጰዶቅያ፣ ከሌሎች የአናቶሊያ (የዛሬዋ ቱርክ እስያዊ ክፍል) አውራጃዎችና ከምሥራቅ ትራቄ ተነቅለው ግሪክ ውስጥ ከሰፈሩ በኋላ፣ የሙዚቃ ምሁሯ ሜልፖ መርሊየ ከ1930 ጀምሮ የእነዚህን ሰዎች ዘፈን በአቴንስ በሸክላ ማስቀረጻቸው በእርግጥ ትልቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ ሸክላው የማይይዘው ብዙ ነገር አለ። ባለ ሦስት ክሩን የጳንጦስ ሊራ የሚጫወት ሰው፣ እንደ ማሲንቋችን በደጋን እየገዘገዘ፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ክር ባንድ ላይ እያስጮኸ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሚዞሩት ጨፋሪዎች መካከል ይገባና እግራቸውን እያየ ዜማውን ያፈጥናል ወይም ያረግባል። ይህን ልጅ የሚማረው ከጎኑ ቆሞ ነው። በሰሜን ግሪክ ያሉ የጳንጦስ ማኅበራት ወጣቶችን ማስተማራቸው የሚመሰገን ቢሆንም፣ ጭፈራው ለመድረክ ተብሎ በአንድ ልክ ሲሰፋ የየመንደሩ የእግር አረጋገጥ ይጠፋል። ስለዚህ በጀት ያለው ወገን አዲስ መቅረጫ ከመግዛት ይልቅ ለአንጋፋ ተጫዋቾች የማስተማሪያ አበል ቢከፍል እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ