እርሾው አድጓል፤ የቀረን አየር መንፊያና ማድረቂያ ነው

ወዳጆች፣ ዛሬ እጃችሁን እንድትዘረጉልን ልንለምናችሁ ነው።

ጭማቂ ሲጨመቅ፣ ድንች ሲላጥ፣ ስኳር ሲመረት ብዙ ተረፈ ምርት ይወጣል። ሁለት ቀን ካደረ ይሸታል፣ ዝንብ ይወረዋል። እኛ ከብትና ዶሮ አርቢዎቹ ደግሞ ፕሮቲን ያለው መኖ ፍለጋ እንንከራተታለን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እርሾ ነው።

እርሾ ስኳር በልቶ ያድጋል። ትንሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ሙቀትና በቂ አየር ካገኘ በጥቂት ሰዓታት እጥፍ ይሆናል። ሲደርቅ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እህል ላይ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን መገንቢያ እርሾ ውስጥ ሞልቷል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመኖች በ1ኛው የዓለም ጦርነት ከውጭ የሚገባው መኖ ሲቋረጥባቸው ከስኳር ምርት በሚተርፈው ወፍራም ፈሳሽ፣ በሞላሰስ፣ እርሾ አሳድገዋል።

እኛም በበርሜል ጀመርን። የፍራፍሬ ልጣጭ ቀቅለን፣ አጣርተን፣ ሲቀዘቅዝ እርሾ ጨመርንበት። ክዳኑን ግጥም አድርገን ሄድን። በማግስቱ ስንከፍተው የአልኮል ሽታ አፍንጫችንን መታው። ለካ እርሾ አየር ሲያጣ ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል እንጂ እምብዛም አይበዛም! በሁለተኛው ሙከራ ለዓሣ ማሳደጊያ የሚሆን ትንሽ የአየር ፓምፕ አስገባንበት። አረፋው በበርሜሉ አፍ ገንፍሎ ወጣ። ካረጋነው በኋላ ሥሩ ላይ ክሬም የመሰለ ወፍራም ዝቃጭ ተኝቶ አገኘን። ያን ቀን ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አልፈለገም።

አሁን ግን ቆመናል። ያቺ ፓምፕ ለአንድ በርሜልም አቅም ያንሳታል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ማድረቁ ነው። እርጥብ እርሾ ቶሎ ይበላሻል፣ ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ሳይደርቅ ሻጋታ ይቀድመዋል። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ላሟን ከመጉዳቱም በላይ ከወተቷ ጋር ወደ ልጆቻችን ይደርሳል። ስለዚህ በላብራቶሪ ሳይመረመር ለአንድም እንስሳ አንሰጥም።

ገንዘቡ የሚውለው ለአየር መንፊያ፣ ለማድረቂያና ለምርመራው ነው። ገንዘብ ባይኖራችሁ የማይዝግ ብረት ታንከር፣ የቆየ ሞተር፣ የኤሌክትሪክ ወይም የብየዳ ሙያ ካላችሁ ያ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የልጣጭ ክምር ያስቸገራችሁም ንገሩን፣ ትኩሱን መጥተን እንጭናለን።

ያልሆነ ተስፋ አንሰጥም። እርሾው ሜቲዮኒን የተባለው ሌላው የፕሮቲን መገንቢያ ስለሚያንሰው ብቻውን አይበቃም፤ ፋጉሎን፣ ማለትም ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን መኖ፣ በከፊል ነው የሚተካው። ለብዙ አርቢ ግን ያቺ ከፊሏ መንጋውን በመሸጥና በማቆየት መካከል ያለች ልዩነት ናት።

የእያንዳንዱን ወጪ ደረሰኝ ለለገሳችሁ ሁሉ እናሳያለን። የምርመራውም ውጤት ጥሩም ሆነ መጥፎ አይደበቅም። አሠራሩ ሲሳካ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ጽፈን ለፈለገ አርቢ ሁሉ በነፃ እንሰጣለን። መጀመሪያ የሚገዛው አየር መንፊያው ነው።