ሁዳዴ ሳይገባ ስለ ልጆቻችን ምግብ

እናቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ የልጆቹን ነገር ከአሁኑ እንነጋገር። ጾሙ የትልቅ ሰው ነው። 6 ወር የሞላው ልጅ በጾምም እንቁላልና ወተት ያስፈልገዋል። ብዙዎቻችን የምንተወው ዕቃው ይነካካል ብለን ነው፣ አይደል? ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ አስቀምጡለት፣ አለቀ።

ወደ ገንፎው እንምጣ። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል። ስታስፈጩ ለሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጨምሩ። ሊወርድ ሲል እንቁላል መትታችሁ አማስሉበት፤ በደንብ ይብሰል። የተፈጨ ካሮት ወይም ጎመን ከተገኘም እሰየው። ከ6 እስከ 8 ወር ላለ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ወዲህ 3 ወይም 4 ጊዜ። ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

ከ6 ወር በታች ላለው ግን ጡት ብቻ። የአብሽ ውሃም፣ ቅቤ ማላስም ይቅር። (አማቶቻችን ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ቀስ ብላችሁ አስረዷቸው።)

እሁድ 8 ሰዓት ጤና ኬላው ግቢ አብረን እናበስላለን። ልጆቹን ይዛችሁ ኑ። እንቁላል ያላት ታምጣ።