ዘንጎቹ የበቀሉበት ንጣፍ ይጠቀስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ናኖ ቴክኖሎጂ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የዚንክና የኦክስጅን ውህድ የሆነው ዚንክ ኦክሳይድ በማቅለሚያ የተበከለ ውኃን ለማጥራት፣ ጋዝን ለመለየትና ከእንቅስቃሴ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት እንደሚያገለግል መግለጻችሁ ትክክል ነው። ሆኖም ጽሑፉ ዚንክ ኦክሳይዱ በምን ላይ እንደበቀለ፣ ማለትም ክሪስታሉ በየትኛው ንጣፍ ላይ እንዳደገ፣ አንድም ቦታ አይናገርም። አዳማ ውስጥ የቁሳቁስ ሳይንስ የማስተምር፣ ከተማሪዎች ጋር ቤተ ሙከራ የምውል ሰው ነኝና፣ ይህ መረጃ ከጎደለ የተገኘውን ውጤት መመዘንም ሆነ መድገም እንደማይቻል ለአንባቢዎቻችሁ ባስረዳ ደስ ይለኛል።

የዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል ባለ ስድስት ጎን ሲሆን በአንድ አቅጣጫ ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። በዚህም ምክንያት ሁኔታው ሲመቻችለት ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 200 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሆነ ቀጫጭን ዘንጎችን ይፈጥራል። ዘንጎቹ እንደ ጥሩ የስንዴ ማሳ እኩል ቀጥ ብለው መቆማቸው ወይም በየአቅጣጫው መጋደማቸው በአብዛኛው የሚወሰነው ሰብስትሬት በሚባለው ከሥራቸው ባለው ንጣፍ ነው። ንጣፉ ጋሊየም ናይትራይድ የተባለው ክሪስታል ከሆነ፣ በሁለቱ ክሪስታሎች መካከል ያለው የአተሞች ርቀት ልዩነት 2 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ፣ ዘንጎቹ የንጣፉን ሥርዓት ተከትለው ይወጣሉ። ሲሊከን አየር ሲነካው ሥርዓት የለሽ በሆነ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይሸፈናል፤ መስታወት ደግሞ ከነጭራሹ የክሪስታል ሥርዓት የለውም። ስለዚህ በእነዚህ ላይ ለማብቀል አስቀድሞ ዘር መዝራት ያስፈልጋል። ዚንክ አሲቴት በኢታኖል ተሟሙቶ በመስታወቱ ላይ በስሱ ይቀባና 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲጋገር፣ አብዛኞቹ ወደ ላይ ያቀኑ እጅግ ጥቃቅን የዚንክ ኦክሳይድ ዘሮች ይቀራሉ። ዘንጎቹም ከእነዚህ ላይ ይነሳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የፔይዶንግ ያንግ ቡድን የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ሽቦዎች በክፍል ሙቀት ለዓይን የማይታይ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሌዘር ማመንጨት እንደሚችሉ ያሳየው፣ ወርቅ በተቀባ ሳፋየር በተባለ ክሪስታል ላይ 900 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት አብቅሏቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊዮኔል ቫይሲየር የተባለ ተመራማሪ ዚንክ ናይትሬትና ሄክሳሚን የተባሉ ኬሚካሎችን በውኃ አሟሙቶ በ95 ዲግሪ በማቆየት በልዩ ልዩ ንጣፎች ላይ ዘንጎች ማብቀል እንደሚቻል በጽሑፍ አወጣ። ለእኛ የሚበጀው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ወርቅም፣ ሳፋየርም፣ የቫኩም ምድጃም አይጠይቅም። ሄክሳሚኑ ሲሞቅ ቀስ በቀስ ፈርሶ አሞኒያ ስለሚሰጥ የክሪስታሉ እድገት ሳይቸኩል ይሄዳል። አብሮት ፎርማልዴሃይድ የተባለ መርዛማ ጋዝም ስለሚወጣ ሥራው አየር በሚወጣበት ቦታ መከናወን አለበት።

ነገር ግን የምግብ አሠራር ይመስል ቃል በቃል የሚቀዳ ከሆነ ይህም መንገድ አዳማ ላይ ያሳስታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ክፍት ቢከር ውስጥ ያለ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሐዋሳም ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። ተማሪው 95 ዲግሪ የሚለውን መመሪያ ሊከተል ሲሞክር ድብልቁ ይንተከተካል። ዝቃጭ እንዳይከመርበት ንጣፉ የሚጠመቀው ዘር የተቀባበት ገጹ ወደ ታች ዞሮ ነውና፣ አረፋው ከሥሩ ይጣበቅና የነካው ቦታ ምንም ሳይበቅልበት ክብ ራቁት ምልክት ሆኖ ይቀራል። ተማሪው ግን ጥፋቱን በኬሚካሉ ወይም በመስታወቱ ያሳብባል። ሙቀቱን ወደ 85 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ጊዜውን ማርዘም ወይም ክዳኑ አጥብቆ በሚገጥም፣ ሙቀት በሚችል ዕቃ መሥራት ይህን ያስቀራል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃም ካርቦኔትና ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውኃ የግድ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የንጣፉ ምርጫ ነው። ብዙ የመመረቂያ ሥራዎች የሚነሱት ከውጭ በሚመጣ ሲሊከን ወይም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ልዩ መስታወት ላይ ነው፤ ግዢው ሲጓተት ተማሪው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በየሱቁ የሚገኝ የመስኮት መስታወት በሚገባ ከታጠበ ዘሩ የሚፈልገውን የመጋገሪያ ሙቀት ይችላል። አቡጀዲ 350 ዲግሪ ላይ ይከስላል፤ ዘሩ ከ150 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ከደረቀለት ግን ዘንጎቹ እያንዳንዱን የጥጥ ጭረት ከብበው ወደ ውጭ ይበቅላሉ። ቀጥ ብለው አይሰለፉም፤ ውኃ ለማጥራት ግን ሰልፍ ሳይሆን ስፋት ያለው ገጽ ነው የሚፈለገው። የዚንክ ዝርግ ላይ ያለ ዘርም ይበቅላል፤ የቤታችን ቆርቆሮም በዚንክ የተለበጠ ነውና ይህን መሞከር ለአንድ ተማሪ ጥሩ የምርምር ርዕስ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሥራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ላሉባቸው ለአዳማና ለሐዋሳ ቀጥተኛ ፋይዳ አለው፤ ዱቄት ሆኖ ውኃ ውስጥ የተበተነ ዚንክ ኦክሳይድን መልሶ መሰብሰብ አድካሚ ሲሆን፣ ጨርቅ ወይም መስታወት ላይ የበቀለው ግን ከነንጣፉ ይወጣል።

ይህን ስል ተስፋውን ማጋነን አልፈልግም። ዚንክ ኦክሳይድ ሥራ የሚጀምረው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ደግሞ የዚህ ድርሻ ከ5 በመቶ አይበልጥም። በአሲድም ሆነ የአሲድ ተቃራኒ በሆነው በጠንካራ አልካሊ ይሟሟል፤ የማቅለሚያ ክፍል ፍሳሽም ብዙ ጊዜ አልካሊነት ያይልበታል። ስለሆነም ቀለሙ ጠፋ ብሎ ፎቶ ማንሳት አይበቃም። ወደ ውኃው የገባው የዚንክ መጠን ተለክቶ መቅረብ፣ ያው ናሙናም ተደጋግሞ መፈተን አለበት።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ስለ ናኖ ቁሳቁስ ተመራማሪ ሲያነጋግር፣ በምን ላይ እንደበቀለ፣ ንጣፉ እንዴት እንደታጠበና ዘሩ በስንት ዲግሪ እንደተጋገረ እንዲጠይቅልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምርምር አማካሪዎችም የመስኮት መስታወትን ወይም አቡጀዲን የመረጠ ተማሪ «ርካሽ ነው» ተብሎ ርዕሱ እንዳይመለስበት ቢያደርጉ፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያላቸው ተቋማትም ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የታወቀ ቀንና ሰዓት ቢመድቡ፣ ዛሬ ባለን ዕቃ ብዙ ሥራ መጀመር ይቻላል።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
የቁሳቁስ ሳይንስ መምህር፣ ከአዳማ